«አይሞላም»፣ «ይቆራረጣል»፣ «መሰኪያ»፤ የላፕቶፕ ኃይል አቀባበል ጉድለት በአማርኛ መመሪያ ሲገለጽ

የአንድ መሣሪያ የጥገና መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ የተርጓሚው ኃላፊነት ለየቃሉ አቻ በመፈለግ ብቻ አይወሰንም። አንባቢው መሣሪያውን በእጁ ይዞ በጽሑፉ የሚታዘዝ ስለሆነ፣ አንድ አሻሚ ቃል ያልተበላሸውን ክፍል አስለውጦ ለከንቱ ወጪ ሊዳርገው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ አንድ የተለመደ ብልሽት፣ ይኸውም ላፕቶፕ ከኃይል መሙያው ጋር ተያይዞ ሳለ አንድ ጊዜ ኃይል እየተቀበለ ሌላ ጊዜ የሚያቆምበትን ሁኔታ ወስደን፣ ሦስት ቃላት የሚያስከትሉትን መደናገር እንመረምራለን።

አስቀድሞ የኃይሉን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘው፣ በአገራችን 220 ቮልት የሆነውና አቅጣጫው የሚቀያየረው ኮረንቲ፣ በኃይል መሙያው ሣጥን ውስጥ ዝቅተኛ ቮልት ወዳለውና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኮረንቲ ይለወጣል፤ በብዙ ላፕቶፖች ይህ ከ19 እስከ 20 ቮልት ነው። ከዚያም በቀጭኑ ገመድ አልፎ በላፕቶፑ ቀዳዳ ይገባል፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ክፍልም ለባትሪው እየመጠነ ያደርሰዋል። ጉድለቱ ከእነዚህ ክፍሎች በማንኛውም ላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ የመመሪያው ቋንቋ ክፍሎቹን ለይቶ ማመልከት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው አሻሚ ቃል «ሞላ» ነው። ይህ ግስ «ባትሪው እየሞላ ነው» ሲባል ሂደትን፣ «ባትሪው ሞላ» ሲባል ደግሞ ፍጻሜን ያመለክታል። በአሉታ «ባትሪው አይሞላም» ሲባል ግን ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ኃይል ፈጽሞ አይገባለትም ማለት ነው ወይስ ይገባለታል፣ ነገር ግን መቶ በመቶ አይደርስም? የመጀመሪያው ከሆነ ሶኬቱ፣ ኃይል መሙያው፣ ገመዱና ቀዳዳው በተራ ሊመረመሩ ይገባል። ሁለተኛው ከሆነ ግን ብልሽት ላይኖር ይችላል፤ የባትሪውን ዕድሜ ለማራዘም ሲባል 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም ታዝዞ ይሆናል፤ አንዳንድ ላፕቶፖችም ባትሪው በጥቂቱ ብቻ ሲጎድል መልሰው መሙላት አይጀምሩም።

የዕለት ንግግር ይህን ልዩነት አስቀድሞ አውቆታል። ሰው «ስልኬ ቻርጅ እያደረገ ነው፤ ገና አልሞላም» ሲል፣ የውሰቱ ቃል ሂደቱን፣ የአማርኛው ግስ ፍጻሜውን ይዟል። ስለዚህ «ቻርጅ»ን አስወግዶ በየቦታው «ሞላ»ን የሚተካ ተርጓሚ ቋንቋውን ያጠራ ቢመስለውም፣ ተናጋሪው የለየውን ጽንሰ ሐሳብ መልሶ ያደባልቃል። በእኛ በኩል ለሂደቱ «ኃይል መቀበል»፣ ለፍጻሜው «መሙላት» እንዲሆን እናሳስባለን፤ ይህ የማይስማማው ተርጓሚ «ቻርጅ»ን እንደያዘ ቢቆይ ይሻላል።

ሁለተኛው ከ«ቆረጠ» የሚወጣው ቤተሰብ ነው። «ተቆረጠ» በስለት መለያየትን፣ «ተቋረጠ» የአንድን ነገር መቆምን፣ «ተቆራረጠ» ደግሞ እንደ ባለቤቱ ሁኔታ አንድም መበጣጠስን አንድም እየቆየ መቋረጥን ይገልጻል። «መብራት ይቆራረጣል» ቢባል የሚሳሳት የለም፤ «ገመዱ ይቆራረጣል» ተብሎ ሲጻፍ ግን ምርመራው ሳይጀመር በገመዱ ላይ ተፈረደ። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት «ኃይሉ» መሆን አለበት፤ «ኃይሉ የሚቆራረጥ ከሆነ» ብሎ ከዚያ መቼ እንደሚቆራረጥ መጠየቅ ይገባል። ጫፉ በአንድ እጅ ጸንቶ ተይዞ ገመዱ ብቻ ሲታጠፍ ከተቋረጠ፣ ብዙ ጊዜ በሚታጠፍበት በጫፉ አጠገብ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ሳይበጠሱ አልቀሩም። ገመዱ ሳይታጠፍ ጫፉ ሲነቃነቅ ከተቋረጠ፣ ቀዳዳው ላልቷል ወይም ከሰሌዳው ጋር የተያያዘበት ብየዳ ተሰንጥቋል ተብሎ ይጠረጠራል። ምንም ሳይነካ በከባድ ሥራ ጊዜ ባትሪው ከጎደለ፣ ኃይል መሙያው ለላፕቶፑ የሚያንስ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ሲግል ቆሞ ሲበርድ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ተቆጣጣሪው ባትሪውን እየጠበቀው ነው።

ሦስተኛው «መሰኪያ» ነው። በዚህ አመሠራረት የሚወጣ ስም መሣሪያንም ቦታንም ሊያመለክት እንደሚችል የታወቀ ነው፤ «መጥረጊያ» መሣሪያ ሲሆን «መቆሚያ» ቦታ ነው። «መሰኪያ» ሁለቱንም ስለሚሆን፣ «መሰኪያው ከላላ ይለወጥ» የሚል ትእዛዝ የገመዱን ጫፍ ይሁን የላፕቶፑን ቀዳዳ አይለይም። ጫፉ ከሆነ ኃይል መሙያውን መለወጥ ይበቃል፤ ቀዳዳው ከሆነ ግን ላፕቶፑ ተፈትቶ፣ አንዳንዴም ቀዳዳው ከማዘርቦርዱ ላይ ተነቅሎ እንደገና መበየድ አለበት። በግድግዳው በኩል ከጣልያንኛ የመጣው «ስፒና» እና «ሶኬት» ልዩነቱን ጠብቀውታል፤ በላፕቶፑ በኩል «ተሰኪ ጫፍ» እና «መሰኪያ ቀዳዳ» ቢባል ይህን የመሰለ ግልጽነት ይገኛል።

በመጨረሻም ኃይል መሙያው እንዲለወጥ ሲታዘዝ «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ አንባቢው የመልክን ተመሳሳይነት ሊረዳ ይችላል። ሣጥኑ ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር፣ 65 ዋት ተብሎ ከተጻፈ፣ ተተኪው በቮልት እኩል፣ በአምፔር እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ተሰኪ ጫፉም በልኩ የሚገጥም መሆን አለበት። በዩኤስቢ ሲ የሚሠሩት ግን ቮልቱን ከላፕቶፑ ጋር ተነጋግረው ስለሚወስኑ፣ በእነርሱ ዘንድ በተለይ የሚታየው የዋቱ መጠን ነው። የባትሪ ማበጥ፣ የተሰኪው ጫፍ ከልክ በላይ መጋል ወይም የቃጠሎ ሽታ ሲኖር ግን መመሪያው ምርመራውን አስቁሞ፣ ከሶኬቱ እንዲነቀል ማዘዝ አለበት።

ከዚህ በላይ ያቀረብናቸውን ስያሜዎች ተርጓሚዎች በሥራ ላይ እንዲፈትኗቸው እንጋብዛለን። ፈተናውም ቀላል ነው፤ መመሪያውን ላፕቶፑ ለተበላሸበት ሰው አንብቦ፣ እጁን የትኛው ክፍል ላይ እንደሚያሳርፍ መመልከት ነው።