ጥላ የሌለው ነጥብ

«ኩላሊቴን ያመኛል» ብሎ የመጣን ሰው የቱ ጋ ነው ሲሉት፣ ብዙ ጊዜ እጁን የሚያሳርፈው ቀበቶው ላይ ነው። ኩላሊት ያለው ግን ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በከፊል በታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ተከልሎ ነው። አልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝና ይህን በየጊዜው አያለሁ።

መሣሪያው የድምፅ ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ወደ ምስል ይቀይራል። ጨረር የለውም፤ ለነፍሰ ጡርም ለሕፃንም ይሆናል። ዋጋው ከሲቲ ስካን ስለሚያንስና ትንሽ ክሊኒክ ውስጥም ስለሚገኝ ሰው ይንቀዋል፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሽንት መውረጃ አጥቶ ኩላሊት መወጠሩን፣ ፊኛ ውስጥ የቀረውን ሽንት፣ የፕሮስቴትን መጠን በደቂቃዎች ያሳያል። የአዋቂ ሰው ኩላሊት ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱም በጣም አንሰው ከተገኙ ጉዳቱ የቆየ ለመሆኑ ምልክት ነው። የኩላሊትን ሥራ ግን አይለካም። ለዚያ ክሪያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ አለ።

አሁን አሸዋ ወደሚባለው ነጭ ነጥብ ልግባ። «በሁለቱም ኩላሊት አሸዋ ታይቷል» የሚል ወረቀት ይዞ ያልመጣ ታካሚ አለ ለማለት ያስቸግረኛል። ኩላሊት መሐሉ ላይ ስብ አለው፣ በስቡ ውስጥ የሚያልፉ የደም ሥሮች አሉት። ስቡም ሆነ የደም ሥሮቹ ግድግዳ በአልትራሳውንድ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ጠጠርም ነጭ ነው። ልዩነቱ ያለው ከነጥቡ ጀርባ ነው፤ ጠጠር ድምፁን አላሳልፍ ስለሚል ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል። ስብ እንዲህ ያለ ጥላ የለውም።

ጥላውን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። የመሣሪያው ትኩረት በነጥቡ ጥልቀት ልክ መስተካከል አለበት። ታካሚው በጎኑ ይተኛል፣ አየር ስቦ ይይዛል፣ ነጥቡም በቁመትና በአግድም ይታያል፤ በአንዱ አቅጣጫ ነጥብ የመሰለው በሌላው ተዘርግቶ የደም ሥር ሆኖ ይገኛል። የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው ዶፕለር ሲከፈት ከነጥቡ ጀርባ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተደባልቆ ቢብለጨለጭ ለጠጠር ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። እርግጥ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ጥላ ላይጥል ይችላል። ስለዚህ ጥላ መጥፋቱ ጠጠር የለም አያሰኝም፤ «አለ» ብሎ ለመፈረም ግን አይበቃም።

አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለሉ ወረቀቶች ይዘው መጡ። አንዱ አሸዋው በቀኝ ነው ይላል፣ ሌላው በግራ። ሁለቱንም ኩላሊቶች አገላብጬ አየሁ፤ ጥላ የሚጥል አንድም ነገር አልነበረም። «እማማ፣ ሕመሙ መቼ ይብስብዎታል?» አልኳቸው። «እንጀራ ስጋግር ውዬ ቀና ስል ነው ልጄ። የገብስ ውሃ ስጠጣ ከረምኩ፣ ምንም አልለቀቀኝም» አሉ። የታመመው የወገባቸው ጡንቻ ነበር። ቢኖርም እንኳ ኩላሊት ውስጥ አርፎ የተቀመጠ ትንሽ ጠጠር ብዙ ጊዜ አያምም። ያ የሚያንከባልለው፣ ጎን ይዞ ወደ ብሽሽት የሚወርደው ሕመም የሚነሣው ጠጠሩ ወደ ፊኛ በሚወስደው ቱቦ ገብቶ የሽንቱን መንገድ ሲዘጋ ነው።

አልትራሳውንድ የሚደክመውም እዚሁ ላይ ነው። የቱቦውን መሐል አንጀትና አየር ይሸፍኑበታል። ሲቲ ስካን ጠጠሩን ያለበት ድረስ ሄዶ ያገኘዋል፤ ለጠጠር ሲታዘዝም ያለ ቀለም መድኃኒት ነው፣ ከሽንቱ ጋር የሚወርደው መድኃኒት ራሱ ነጭ ሆኖ ጠጠሩን ስለሚሸፍነው። ተራ ራጅ ደግሞ ከዩሪክ አሲድ የተሠራውን ጠጠር አያሳይም። ታዲያ በሲቲ ለምን አንጀምርም ለሚሉኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በአሜሪካ በ15 የድንገተኛ ክፍሎች 2,759 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት አለ። በአልትራሳውንድ በተጀመረላቸውና በሲቲ በተጀመረላቸው መካከል፣ አደገኛ በሽታ ሳይታይ አልፎ ጉዳት በማድረሱ ረገድ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። በአልትራሳውንድ የጀመሩት የተቀበሉት ጨረር ግን ያነሰ ነበር። ከእነሱ ሲቲ ያስፈለጋቸው በኋላ ተነሥተዋል።

ታካሚዎች፣ እባካችሁ ሽንት ይዛችሁ ኑ። ተራ ሲደርስ መጸዳጃ ቤት ገብቶ የሚመጣ ሰው ፊኛው ባዶ ነው፤ ባዶ ፊኛ ውስጥ ጠጠርም ዕጢም ሊሰወር ይችላል። ከልክ በላይ መያዝም ኩላሊቱን በመጠኑ ወጥሮ የተዘጋ ያስመስለዋል፤ ያኔ ሸንታችሁ ስትመለሱ ደግመን እናያለን። ሐኪሞችም ማዘዣው ላይ «የሆድ አልትራሳውንድ» ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። የምትጠረጥሩትን ካልነገራችሁን የት ላይ እንደምንቆይ በምን እናውቃለን?

በተለይ በሽንት ደም ማየት በማዘዣው ላይ ተጽፎ መምጣት አለበት። ዕድሜው የገፋ ሰው፣ ይልቁንም አጫሽ ከሆነ፣ ሕመም የሌለው ደም ከሸና አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ አይሸኝም። ፊኛን ከውስጥ በካሜራ ማየት፣ እንደ አስፈላጊነቱም በቀለም መድኃኒት የሚነሣ ሲቲ ስካን ይከተላል።