በኮንሶ ካብ ውስጥ ሰው አለ

ከሆሳዕና ተነስቶ በሶዶና በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ኮንሶ የወረደ መንገደኛ በኮረብታ አናት ላይ በድንጋይ ካብ የታጠሩ መንደሮች ያያል። ፓሌታ ይባላሉ። አንዳንዱ ፓሌታ አንድ ካብ ብቻ አለው፤ እስከ ስድስት ዙር የደረሰም አለ። ጥንታዊው ውስጠኛው ካብ ነው። ሕዝቡ ሲበዛና ቦታው ሲጠብ ከውጭ ሌላ ዙር ይጨመራል። ካቡ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተሰካክቶ የቆመ ሲሆን፣ ከፍታው በአንዳንድ ቦታ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል።

አየርላንድም ክብ ምሽጎች አሏት፤ ከ40 ሺህ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ የተሠሩ፣ ገበሬ ከቤተሰቡና ከከብቱ ጋር የኖረባቸው የአፈርና የድንጋይ ቅጥሮች ነበሩ። ባለቤቶቻቸው ከለቀቋቸው በኋላ ለብዙ ዘመን ከማረሻ ያዳናቸው በውስጣቸው መናፍስት ይኖራሉ የሚለው ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው የብሔራዊ ሐውልቶች ሕግ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

በኮንሶ የሚያስደንቀኝ ግን ካቡ ባዶ አለመሆኑ ነው። በየመንደሩ ሞራ የሚባል የጋራ ቤትና አደባባይ አለ፤ ያላገቡ ወጣቶች እዚያ ያድራሉ፤ እሳት ቢነሳ ወይም ጠላት ቢመጣ ፈጥነው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። አዲስ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብ ኦላሂታ የተባለ ረጅም ግንድ ይተከላል፤ የተተከሉትን ቆጥሮ የመንደሩን ዕድሜ መገመት ይቻላል። ካብ ሲፈርስ የሚጠግነውም ያው ነዋሪው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 21 ትውልድ የዘለቀ ሕያው ባህል መሆኑን መስክሯል።

ምዝገባው ብቻውን ግን አይበቃም። ለታላላቅ ሰዎች መታሰቢያ የሚቆሙት ዋካ የተባሉ የእንጨት ምስሎች እየተሰረቁ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ ከሌባ ከተረፉት አንዳንዶቹ በኮንሶ በካራት ከተማ ሙዚየም ይገኛሉ። ጥበቃ የሚጸናው ነዋሪው ቅርሱን የራሴ ብሎ ሲይዘው ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ኃላፊነት የሌሞ ወረዳን ገበሬና የሆሳዕናን ግንበኛም ይመለከታል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ መሀል ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። መሠረት ስትቆፍሩ የጥንት ካብ ወይም የተጠረበ ድንጋይ ካገኛችሁ፣ ሳታነሱት የወረዳችሁን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጥሩ።