ሳርኮይዶሲስ ያለበትን ሰው ከአጋጣሚ በሽታዎች ስለ መጠበቅ

ሳርኮይዶሲስ የሚባለው በሽታ ሰውነትን የሚጠብቁት የደም ሴሎች ያለ ልክ ተነሥተው በሳንባ፣ በንፍፊት፣ በቆዳ ወይም በዓይን ሲሰበሰቡና ጥቃቅን እብጠት ሲያበጁ የሚመጣ ነው። የኖርዌዩ ሐኪም ቄሳር ቤክ በ1899 (እ.ኤ.አ.) በቆዳ ላይ የሚታየውን ዓይነት ጽፎ አስታውቋል። መነሻው እስከ ዛሬ በትክክል ባይታወቅም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ የበሽተኛውን ዕቃ መለየት ወይም ከማዕድ ማራቅ ከንቱ ነው።

ታዲያ የሚያሰጋው ምንድን ነው? በሽታውን ለማብረድ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን እብጠቱን ሲያስታግስ የሰውነትንም መከላከያ ያደክማል። ዘበኛው ያንቀላፋበትን ቤት ሌባ እንደሚደፍረው ሁሉ፣ ጤነኛውን ሰው እምብዛም የማይጎዱ ተሐዋስያን በዚህ ጊዜ ይገባሉ። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚከተለው ጥንቃቄ እንዲደረግ እንመክራለን።

1ኛ/ የወፍ ኩስ። ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ በእርግብ ኩስ በተበከለ አፈር ይገኛል። በትንፋሽ ገብቶ እስከ አንጎል ሽፋን ይደርሳል። ፕሬድኒሶሎን ያልጀመረውንም የሳርኮይዶሲስ በሽተኛ አንዳንድ ጊዜ ይይዘዋል። የእርግብና የዶሮ ማደሪያ ከመኝታ ይራቅ፤ ጽዳቱንም ሌላ ሰው ይሥራው።

2ኛ/ ሻጋታ። አስፐርጊለስ በሻገተ ጭድና እህል፣ በረጠበም ግድግዳ ይበቅላል። ሕመሙ ሳንባውን ቦርቡሮት ከሆነ በቀዳዳው ውስጥ እንደ ኳስ ያድጋል፤ ደምም ያስተፋል። ቤት ሲጠረግ አስቀድሞ ውሃ ይረጭ፤ በሽተኛውም አቧራው እስኪበርድ ውጭ ይቆይ።

3ኛ/ ባዶ እግር። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ከአፈር በእግር ቆዳ ይገባል። ሳይታወቅ ለዓመታት ተቀምጦ፣ ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ተባዝቶ ሊገድል ይችላል። ጫማ ማድረግ፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ መድኃኒቱም ሳይጀመር ስለዚህ ትል ሐኪሙን ጠይቆ መመርመር ይገባል።

4ኛ/ የሳንባ ነቀርሳ። በራጅ ሲታይ ከሳርኮይዶሲስ ጋር ይመሳሰላል። ነቀርሳ ያለበት ሰው ሳይታወቅለት ፕሬድኒሶሎን ብቻ ቢውጥ ነቀርሳው ይብስበታል። ስለዚህ አክታ ማስመርመር አይታለፍ። በቤቱ ውስጥ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ቢኖር እሱም ይመርመር፤ መስኮትም ይከፈት።

በመጨረሻ ይህን አትርሱ። ትኩሳት፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ አዲስ ሳል ወይም ደም መትፋት ሲመጣ «ያው የዱሮው ሕመም ነው የተነሣበት» ብሎ ክኒን በገዛ እጅ መጨመር አይገባም። ፈርቶ በድንገት ማቆምም ሕይወትን ያሰጋል፤ መድኃኒቱን የለመደ ሰውነት አንድ ጊዜ ሲቋረጥበት ይዝላልና። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የሚዋጠውንም መድኃኒት ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።