የብስክሌተኛው ወጣት ትንፋሽ

ዳገት ስትወጡ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ለምንድን ነው? ጡንቻ ሲሠራ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅን በአየር ውስጥ አለ። ሳንባ ይቀበለዋል፤ ደም ይሸከመዋል፤ ልብ ደሙን ይገፋዋል። ሥራው ሲከብድ ፍላጎቱም ይበዛል። ዛሬ ይህን ነገር በብስክሌት ተወዳዳሪ ወጣቶች ላይ እናየዋለን።

አንድ ብስክሌተኛ በደቂቃ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል ይለካል። በቆመ ብስክሌት ላይ ይወጣል። አፉና አፍንጫው ላይ ጭምብል ይደረግለታል። ፔዳሉ እየከበደ ይሄዳል፤ እሱም እስኪያቅተው ይረግጣል። መሣሪያው የገባውንና የወጣውን አየር አስተያይቶ፣ ሰውነቱ ያስቀረውን ኦክስጅን ይነግረናል።

ልኬቱ በሚሊ ሊትር ነው። እኛ ግን በሻይ ማንኪያ እናስበው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አየር በማንኪያ ይሰፈራል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ለማሰብ ያህል ነው። አርፎ የተቀመጠ ሰው ለአንድ ኪሎ ሰውነቱ በደቂቃ አንድ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ስፖርት ያልለመደ ጤነኛ ጎረምሳ እስኪያቅተው ሲሠራ ወደ 9 ማንኪያ ይደርሳል።

አሁን የአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ኦስካር ስቬንድሰን ይባላል፤ የኖርዌይ ሰው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ተወለደ። በልጅነቱ በበረዶ ላይ ቁልቁል የሚንሸራተት ስፖርተኛ ነበር። የብስክሌት ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ኪሎ 74.6 ሚሊ ሊትር ተለካ። 15 ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሠለጠነ። በ2012፣ በ18 ዓመቱ፣ 96.7 ደረሰ፤ ከ19 ማንኪያ በላይ! በዚያው ዓመት ኔዘርላንድ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ ወጣቶች ለየብቻ ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደሙበት ውድድር አንደኛ ወጣ።

ቁጥሩን ምን ከፍ አደረገው? ስላደገ ነው እንዳንል፣ ልጅ ሲያድግ ልቡም ኪሎውም አብረው ይጨምራሉ። 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 3 ሊትር ይጠቀማል እንበል። ለአንድ ኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ደረሰው። አድጎ 60 ኪሎ ሲሆን 3.6 ሊትር ቢጠቀም፣ ለኪሎ ያው 60 ነው። እስኪ በወረቀት አካፍሉትና እዩት። ስለዚህ በወንዶች ልጆች የኪሎው ቁጥር በእድገት ብቻ ብዙም አይነቃነቅም። በሴቶች ልጆች ደግሞ፣ በጉርምስና ጊዜ ሰውነታቸው ስብ ስለሚጨምር፣ ጥቂት ዝቅ ይላል። ይህን የማያውቅ አሠልጣኝ ልጅቷን «ሰነፍሽ» ይላታል። ይህ ነገር እኔን ያናድደኛል። ልጅቷ አልሰነፈችም፤ አካሏ እየበሰለ ነው እንጂ።

እንግዲህ በኦስካር ላይ ትልቁን ሥራ የሠራው ሥልጠናው ነው ማለት ይቻላል። ሥልጠና የደምን መጠን ይጨምራል። ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ይበዛል። ጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይበረክታሉ።

ግን የተገኘው ሁሉ አይቀመጥም። ኦስካር በ2014፣ በ20 ዓመቱ፣ ውድድር ተወ። 15 ወር ሳይሠለጥን ቆይቶ ሲለካ ቁጥሩ 77 ሆነ። ልምምድ ሲቆም መጀመሪያ የደም መጠን ይቀንሳል፤ እየቆየም የልብ ጉልበት ያንሳል። ሦስት ዓመት የተለፋበት በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ሄደ። ሆኖም 77ን ከዚያ ከ9 ማንኪያው ጎረምሳ ጋር አስተያዩት። ሳይሠለጥንም 15 ማንኪያ ቀርቶለታል። ይህ አብሮት የተወለደ መሆን አለበት።

ያን ያህል ቁጥር የነበረው ልጅ እንደ ቱር ደ ፍራንስ ባሉት በትልልቆቹ የአዋቂዎች ውድድሮች ሳይሰለፍ ነው የተወው። ለነገሩ ከፍተኛው ቁጥር ሁሉን አይናገርም። ሁለት ብስክሌተኞች እኩል 15 ማንኪያ አላቸው እንበል። አንዱ 12ቱን ይዞ ረጅም ጊዜ መጓዝ ይችላል፤ ሌላው 10ሩን ሲያልፍ ይዝላል። ያ ጽናት የሚመጣው ከዓመት ዓመት በሚደረግ ልምምድ ነው፤ ከፍተኛው ቁጥር ቆሞ ሳለ እንኳ ሊያድግ ይችላል።