ውርጭ የሚፈራው ሐረግ በብርድ አገር ገበያ አገኘ
የእንግሊዝ ወይን አምራቾች የአየር ጠባዩን ጉድለት እንዴት ወደ ዋጋ እንደለወጡት

ባለፉት 20 ዓመታት በእንግሊዝ የእርሻ መሬት ገበያ ላይ አንድ ያልተጠበቀ እንግዳ ገብቷል። ይኸውም የወይን ሐረግ ነው። በ2004 በታላቋ ብሪታንያ ወይን የለበሰው መሬት 761 ሄክታር ብቻ ነበር። የአምራቾቹ ማኅበር በ2024 ያወጣው መረጃ ግን 4,209 ሄክታር መድረሱን ያመለክታል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የዚያ አገር ሰማይ ለወይን የሚመች አይደለም። በጋው አጭር ነው፣ ዝናቡ ወር አይመርጥም፣ ውርጩም አለፈ ከተባለ በኋላ በጸደይ ይመለሳል። ታዲያ ሙቀት ወዳድ የሆነ ሐረግ በእንዲህ ዓይነት ብርድና እርጥበት ውስጥ ሜዳ ላይ ቆሞ ከአምስት እጥፍ በላይ መሬት ሊይዝ የቻለው እንዴት ነው?

የአየሩ መሞቅ ድርሻ አለው። የደቡብ እንግሊዝ የዕድገት ወራት አማካይ ሙቀት ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በ1 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ብቻውን ገበያ አይፈጥርም። ወሳኙ እርምጃ አምራቾቹ ለገበያ የሚያቀርቡትን የወይን ጠጅ ዓይነት መለወጣቸው ነው።

ከመስታወት ቤት ወደ ሜዳ

እንግሊዞች ወይን ማብቀል ዛሬ አልጀመሩም። ለንደን አጠገብ በሚገኘው የሀምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ውስጥ በ1768 ገደማ የተተከለ አንድ የወይን ሐረግ እስካሁን ያፈራል። የተከለው ኬፓቢሊቲ ብራውን በሚል ቅጽል የሚታወቀው የአትክልት ሥፍራ ነዳፊ ላንስሎት ብራውን ነው። ይህ አንድ ሐረግ በዓመት በአማካይ 272 ኪሎ ግራም ፍሬ ይሰጣል። በ2001 ደግሞ 845 ኪሎ ግራም ተለቅሞበታል። ምስጢሩ ግልጽ ነው፤ ሐረጉ የሚያድገው በመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ለቤተ መንግሥትና ለመኳንንት ገበታ የሚሆን ወይን በመስታወት ሥር ማብቀል ይቻላል። ለገበያ የሚሆን ወይን ግን መስታወት ሊሸፍነው አይችልም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወዲህ ለንግድ የሚሠራ የወይን እርሻ በአገሩ ጠፍቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሬይ ባሪንግተን ብሮክ የተባሉ ተመራማሪ ሰሪ በተባለው ግዛት ኦክስቴድ በሚባል ሥፍራ በርካታ ዝርያዎችን ያለ መስታወት፣ ሜዳ ላይ እየተከሉ መፈተሽ ያዙ። በ1950ዎቹ መጀመሪያም ጡረታ የወጡት ሜጀር ጄኔራል ሰር ጋይ ሳሊስበሪ ጆንስ በሀምፕሸር ግዛት ሐምብልደን በተባለው ቀበሌ ለንግድ የሚሆን ወይን ተከሉ። የዘመናዊው የእንግሊዝ ወይን ንግድ የሚቆጠረው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት የተስፋፉት እንደ ሙለር ቱርጋውና ሴይቫል ብላን ያሉ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች ነበሩ። ከእነርሱ የሚጠመቀው ግን በአብዛኛው ከጀርመን በርካሽ የሚገባውን ነጭ ወይን ጠጅ የሚመስል ነበር። እዚህ ላይ ነበር ችግሩ። ሐረጉ በቅሏል፣ ፍሬውም ደርሷል፤ በብዛትና በርካሽ ከሚያመርት አገር ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ በዋጋ መወዳደር ግን አልቻለም።

ሐረጉ ምን ያስፈራዋል?

የወይን ሐረግ ብርድ በጠቅላላው አይጠላም። ቅጠሉን አራግፎ በሚያንቀላፋበት ወቅት ጠንካራ ቅዝቃዜ ይችላል። የዚያ አገር ክረምት ማለት ደግሞ እንደእኛው ክረምት የዝናብ ወቅት ሳይሆን የበረዶና የአጭር ቀን ወቅት ነው። አደጋው የሚመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በኤፕሪልና በሜይ ወር ለጋው ቡቃያ ብቅ ሲል ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ከወረደ አረንጓዴው ቡቃያ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁለተኛው ቡቃያ የሚይዘው ፍሬ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ፈተና በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ ይጠብቃል። አበባው ሲፈነዳ ብርድና ዝናብ ከተደራረቡ አበባው ወደ ፍሬ ሳይለወጥ ይረግፋል። ሦስተኛው እርጥበቱ የሚያመጣው ሻጋታ ነው። ቅጠሉንም ዘለላውንም የሚያጠቁ የሻጋታ ዓይነቶች በበጋው በሙሉ ያሰጋሉ፣ በልቀማው ዋዜማ ደግሞ ግራጫው ሻጋታ የበሰለውን ዘለላ ያበሰብሳል።

በመሆኑም ብልህ ኢንቨስተር ከሁሉ በፊት ገንዘቡን የሚያወጣው በቦታ ምርጫ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ ሸለቆው ይቀርና ወደ ደቡብ የሚያይ፣ ፀሐይ የሚመታው፣ ከፍታው ከባሕር ወለል ብዙ ያልራቀና ከነፋስ የተከለለ ተዳፋት ይመረጣል። ሐረጎቹ በምሶሶና በሽቦ ላይ ወደ ላይ እየተወጠሩ በመስመር ይቆማሉ። በአንድ ሄክታር 4 ሺህ ያህል ችግኝ መትከል የተለመደ ነው። ሽቦው ሐረጉን ከመደገፍ ሌላ ቅጠሉ እንዳይተፋፈግና ዝናብ ባባራ ቁጥር ነፋስ ቶሎ እንዲያደርቀው ይረዳል። በዘለላው ዙሪያ ያለው ቅጠልም በእጅ ይነቀላል።

ለውርጩ ሌሊት ደግሞ የተለየ ዝግጅት አለ። አንዳንዱ አምራች በሄክታር በመቶዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ የሰም ጧፎች በየመስመሩ ያበራል። አንዳንዱ ሞቃቱን የላይኛውን አየር ወደ መሬት የሚገፋ ማራገቢያ ያቆማል። ሌላው በሐረጉ ላይ ውኃ ይረጫል። ውኃው በቡቃያው ላይ በረዶ ሲሠራ ሙቀት ስለሚሰጥ ለጋው ክፍል ከሞት ይተርፋል። ይህ ሁሉ በዓመት ለጥቂት ሌሊቶች ብቻ የሚፈለግ ሆኖ ሳለ ወጪው ግን በየዓመቱ ከሂሳብ መዝገቡ ላይ አይጠፋም።

ኮምጣጣነቱ ተፈላጊ ሆነ

በ1988 ስቱዋርትና ሳንዲ ሞስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በዌስት ሰሴክስ ናይቲምበር በተባለው ርስታቸው ላይ የተለየ ነገር ሞከሩ። ጀርመን ቀመሱን ዝርያ ትተው ሻርዶኔ፣ ፒኖ ኗርና ፒኖ ሙኒዬ የተባሉትን የሻምፓኝ ዝርያዎች ተከሉ። ዓላማቸውም አረፋማ ወይን ጠጅ ብቻ ማምረት ነበር።

የዚህ ውሳኔ ትርፍ የሚገባው የአሠራሩን ሥርዓት ላየ ነው። በቀዝቃዛ አገር የሚደርስ ወይን ስኳሩ ያንሳል፣ ኮምጣጣነቱ ግን ይበዛል። ለተራው የወይን ጠጅ ይህ ጉድለት ነው። ለአረፋማው ግን የሚፈለገው ይኸው ነው። መጀመሪያ ከ10 እስከ 11 ከመቶ አልኮል ያለው ቀጭንና ኮምጣጣ ወይን ጠጅ ይጠመቃል። ከዚያም ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲብላላ ይደረጋል። አረፋው የሚፈጠረውም፣ አልኮሉ 12 ከመቶ ገደማ የሚደርሰውም በዚህ ጊዜ ነው። ኮምጣጣነቱ ደግሞ መጠጡ በእርሾው ላይ ለዓመታት ሲቆይ ለዛውን ሳያጣ እንዲበስል ያደርጋል። ከዚህም በተጨማሪ በደቡብ እንግሊዝ ኮረብታዎች ሥር የሚገኘው ኖራማ ድንጋይ ከባሕሩ ማዶ በሻምፓኝ ከሚገኘው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። የናይቲምበር ምርቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውድድሮች ሽልማት ማግኘት ጀመሩ። በ2025 ደግሞ ይኸው ድርጅት በለንደኑ ኢንተርናሽናል ዋይን ቻሌንጅ ውድድር የአረፋማ ወይን ጠጆችን የበላይ ዋንጫ ወሰደ። ከሻምፓኝ ውጪ የሆነ አምራች ይህን ዋንጫ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ተፎካካሪም ቢሆን ዝም ብሎ አልተመለከተም። የፈረንሳዩ የሻምፓኝ ቤት ቴተንዤ በ2015 በኬንት ግዛት 69 ሄክታር የቀድሞ የፍራፍሬ እርሻ ገዝቶ በ2017 ወይን መትከል ጀመረ።

በ2023 የአገሩ ምርት ሦስት አራተኛ ያህሉ አረፋማ ነበር። ከጀርመን ርካሽ ወይን ጠጅ ጋር በሣንቲም ይታገል የነበረው አምራች ዋጋውን ከሻምፓኝ ጋር እያነጻጸረ የሚሸጥበት መደርደሪያ ላይ ወጥቷል ማለት ነው።

እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ዳሩ ግን እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ የባንክ ወለድ ቆሞ አይጠብቅም። የተተከለው ሐረግ ለልቀማ የሚደርሰው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። አረፋማው ወይን ጠጅ በጠርሙስ ውስጥ ሌላ ሁለትና ሦስት ዓመት ይቀመጣል። ስለሆነም ዛሬ የተከለ ባለሀብት የመጀመሪያውን የሽያጭ ብር የሚቆጥረው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። የቴተንዤ የኬንት እርሻ በ2017 ተተክሎ የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ የቀረበው በ2025 ነው።

በዚህ ላይ ምርቱ ከዓመት ዓመት አይተማመንም። የብሪታንያ ምርት በ2010 ከ4 ሚሊዮን ጠርሙስ ጥቂት በለጥ ብሎ ነበር። በ2012 ቀዝቃዛና ዝናባማ በጋ መጥቶ ወደ 1 ሚሊዮን ወረደ። በ2014 ደግሞ 6.3 ሚሊዮን ደረሰ። በዚያ ክፉ ዓመት በ2012 ናይቲምበር የፍሬው ጥራት ለስሜ አይመጥንም ብሎ የዓመቱን ምርት በሙሉ መተዉን አስታውቋል። በ2017 ኤፕሪል መጨረሻ የወረደው ውርጭም በርካታ እርሻዎችን ክፉኛ ጎድቷል። በደህናው ዓመትም ቢሆን ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ምርት በአማካይ ከሻምፓኙ ግማሽ በታች ነው።

በሌላ በኩል ጥሩ ዓመትም የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። በማኅበሩ መረጃ መሠረት በ2022 እና በ2023 የተመረተው 12.2 እና 21.6 ሚሊዮን፣ በድምሩ 33.8 ሚሊዮን ጠርሙስ ነው። በእነዚሁ ሁለት ዓመታት የተሸጠው ግን 16.8 ሚሊዮን ጠርሙስ ብቻ ነው። ልዩነቱ በሙሉ ኪሣራ ነው ማለት አይደለም፤ አረፋማ ወይን ጠጅ መጀመሪያውንም ጓዳ ውስጥ መክረም አለበት። ሆኖም ጓዳ ውስጥ ያለ ጠርሙስ የታሰረ ገንዘብ ነው። በ2023 ወደ ውጭ አገር የተላከው ከሽያጩ 8 ከመቶ ብቻ በመሆኑ ሸክሙ ያረፈው በአገር ውስጥ ጠጪ ላይ ነው።

የባለቤትነት ዝውውሩም ይህንኑ ያሳያል። ታሪካዊው የሐምብልደን እርሻ በ2023 መጨረሻ በ22.3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጧል። የገዙት ለረጅም ዘመን በወይን ጠጅ ንግድ የቆዩት የለንደኑ ቤሪ ብራዘርስና የፖርቱጋሉ ሲሚንግተን ቤተሰብ ናቸው። ሐረጉን የሚተክለው ብዙ ሰው ሊሆን ይችላል። እስኪሸጥ ድረስ ይዞ ለመቆየት ግን የጠለቀ ኪስና የራስ የሆነ የማከፋፈያ መረብ የግድ ይላሉ።

ለእኛ ገበያ ምን ይነግራል?

በኢትዮጵያ የወይን ሐረግ የገጠመው ጉዳይ ሌላ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ተክሎ በ2014 ለገበያ ባቀረበው ወይን ጠጅ ዘንድ ሐረጉን የሚያስተኛ የበረዶ ወቅት የለም። ቅርንጫፉን የመከርከምና ውኃ የመስጠት ጊዜ ነው የልቀማውን ወቅት የሚወስነው። ስለዚህ የእንግሊዙን ቴክኒክ እንዳለ መቅዳት ትርፍ የለውም።

የሂሳቡ መንገድ ግን ለቡና ነጋዴ እንግዳ አይደለም። የደጋው ቡና በብርዱ ምክንያት ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ በሄክታርም ከቆላው ይልቅ ብዙ ላይሰጥ ይችላል። ሆኖም በዚሁ ቀዝቃዛ ከፍታ የሚያገኘው ኮምጣጣ ለዛ በቀማሾች ዘንድ ነጥብ፣ በገዢዎች ዘንድ ዋጋ ያስገኝለታል። የይርጋ ጨፌን ቡና በብዛቱ ከብራዚል ጋር ላወዳድር የሚል ነጋዴ የለም።

በደጋ መሬት ላይ ፍራፍሬም ሆነ ሌላ ሐረግ ለመትከል የሚያስብ ባለሀብት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ተክሉ ይበቅላል ወይስ አይበቅልም የሚለውን ነው። እንግሊዞች ይህ ጥያቄ ከተመለሰላቸው በኋላ እንኳ ለ30 ዓመት ያህል ገበያ ሳያገኙ ቆይተዋል። ያዋጣቸው ጥያቄ ይህ ብርድ የሚሰጠውን ፍሬ ከነኮምጣጣነቱ የሚፈልግ ገዢ ማን ነው የሚለው ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ያ ገዢ እስኪገኝ ስንት ዓመት በራስ ገንዘብ መቆየት ይቻላል የሚለው ሂሳብ ነው። በ2023 የተለቀመው ከፍተኛ ምርት ከጓዳ እየወጣ ለሽያጭ በሚቀርብባቸው ዓመታት የእንግሊዝ አምራቾችም በዚሁ ሂሳብ ይፈተናሉ።