ማስታወቂያው ቆመ፤ ጋኑስ?

ዛሬ የምንነጋገረው የአልኮልን ጉዳት ለመቀነስ ስለወጣው ሕግና ሕጉ ስላልደረሰበት ጓዳ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም አገደ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው፦ ማስታወቂያውን ማገድ፣ በታክስ ዋጋውን ማስወደድ፣ እንደ ልብ እንዳይገኝ ማድረግ። በድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በአልኮል ሳቢያ ሞተዋል።

ይሁንና እነዚህ እርምጃዎች በቀላሉ የሚይዙት ፋብሪካውን ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብለን ወደ ቦረና ገጠር ብንዘልቅ ጠላው ከጋን፣ አረቄው ከጓዳ ይቀዳል። ማስታወቂያ አይሻም፤ ታክስ አይነካውም፤ የጠጪውን ዕድሜ የሚጠይቅም እምብዛም ነው። ቢራ 5 በመቶ ገደማ አልኮል ሲኖረው አረቄ ከ30 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። መካነ ሰላም ደግሞ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት ከተማ ናት። በየዓመቱ ከወላጅ ዓይን ርቀው ከሚመጡት አዳዲስ ተማሪዎች ብዙዎቹ 21 ዓመት አልሞላቸውም።

«እኛ አንጠጣም፤ ምን አገባን?» የምንል እንኖራለን። የሰከረ ሾፌር ግን የተሳፋሪውን ሃይማኖት አይጠይቅም። ደግሞስ ጌሾ የሚሸጠው፣ ለመጠጥ ቤት ቤቱን የሚያከራየው ማን ነው? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተጠያቂነቱን ከጠጪው አልፈው ለጠማቂው፣ ለተሸካሚውና ለሻጩ ጭምር እንዳደረሱት እናውቃለን።

አረቄ የምታወጣውን ጎረቤታችንን በንቀት ማየትም መፍትሔ አይሆንም። ብዙዋ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው። ሌላ ገቢ ሳታገኝ «ተይ» ብንላት አትሰማንም። ብድርና ቁጠባ ማኅበሩ እንዲያስገባት እንርዳት፤ ለዶሮ ወይም ለበግ ማርቢያ የሚሆን መነሻ ከሶደቃችን እናካፍላት።

ኸምር በኢስላም የተከለከለው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ (አል-በቀራ 219)፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ (አን-ኒሳእ 43)፤ በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ታገደ (አል-ማኢዳ 90)። ትእዛዙ ሲመጣ ልቡም ቤቱም ተዘጋጅቶ ነበር። እኛም ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት በግልጽ እናነጋግራቸው። በትምህርት ቤት አጠገብ ለልጅ የሚሸጥ ካየን ለቀበሌው እናሳውቅ፤ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው።

አላህ ቤታችንንም ጎረቤታችንንም ይጠብቅልን።