ባላደራ መንግሥትና የታሰረው እጁ

ምክር ቤት ተበትኖ አዲስ ምርጫ እስኪካሄድ ድረስ አገር ያለ መንግሥት አያድርም፤ የነበረው መንግሥት በተቆረጠ ሥልጣን ይቆያል። ባላደራ የሚባለው ይህ ነው። የህንዱ ቻራን ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1979 በምክር ቤቱ አናሳ የሆነ ወገን ይዘው በሌሎች ድጋፍ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ድጋፉ ሲነሳባቸው ምክር ቤት ፊት ሳይቀርቡ፣ ወር እንኳ ሳይሞላቸው ለቀቁ። ምርጫ ተደርጎ ተተኪ እስኪገኝ ግን እስከ ጥር 1980 በባላደራነት ቆዩ። የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 60 ለዚህ ደንግጓል። ምክር ቤቱ ከተበተነ ምርጫው በ6 ወር ውስጥ ይደረጋል፤ እስከዚያው ሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ወይም ጣምራ የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ አልፎ አዲስ ሕግ ሊያወጣ፣ ነባሩንም ሊሽር ወይም ሊያሻሽል አይችልም።

እገዳው ድክመት የሚመስላቸው አሉ፤ ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ እሱው ነው። ሚዛን ተፈሪንና ቴፒን እንውሰድ። እሸት ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ምክር ቤቱ ተበትኖ ቢሆን ደመወዝ ይከፈላል፣ ፖሊስ ይሰማራል፣ ጀንፈል የጫነው አይሱዙ የሚያልፍበት መንገድም ይጠገናል። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ግን አንዲት መስመሩ አትነካም። ባላደራው ራሱ ተወዳዳሪ ነውና፣ በለቀማ ወቅት ገበሬውን ወይም አቅራቢውን በአዲስ አዋጅ እንዳያባብል ወይም እንዳያስፈራራ እጁ መታሰር አለበት።

ከባዱ ተቃውሞ በ2012 ዓ.ም. ተነሥቷል። ኮቪድ ምርጫውን ሲያስተጓጉል ምክር ቤቱን መበተን ከቀረቡት አራት አማራጮች አንዱ ነበር፤ በወረርሽኝ መሐል እጁ የታሰረ መንግሥት ምን ይሠራል ተባለ። የተመረጠው የሕገ መንግሥት ትርጉም ሆነና ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነባሮቹ እንዲቀጥሉ ወሰነ። ስጋቱ መሠረት አለው። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. ከ2010 ምርጫ በኋላ 541 ቀን በባላደራ ስትመራ የጦር አውሮፕላን ወደ ሊቢያ እስከመላክ ደርሳለች፤ ይህን የፈቀደው ግን ሥራ ላይ የነበረ ፓርላማ ነው። የኛ ባላደራ የሚመጣው ምክር ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው። አንቀጽ 93 ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ባልሆነበት ወቅት የታወጀ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ15 ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ ይቅረብ ይላል፤ ምክር ቤቱ ከሌለ ለማን ይቀርባል? ስለዚህ ጉድለቱ የእጁ መታሰር ሳይሆን ተቆጣጣሪ ማጣቱ ነው። ስፔን ይህን ክፍተት ደፍናዋለች፦ ምክር ቤቱ ሲበተን ከ21 የማያንሱ አባላት ያሉት ቋሚ ጉባኤ ይቀራል፤ የአስቸኳይ ጊዜ ጉዳይም ለእሱ ይቀርባል።